ከሶላት በፊት የታረደው በግ

ስሟ ባይጠራ የማትቀየም አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፤ መስጊዷ ከቤቶቿ ሁሉ በዕድሜ ይቀድማል። በዚያች ከተማ ሸህ ሙህዬ የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት ተማሪ ሰብስበው ኪታብ ያቀሩ፣ ሰው ሲጣላ ከዳኛ በፊት የሚጠሩ፣ ሐላሉንና ሐራሙን ለባለጸጋም ለድሃም በአንድ ድምፅ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ከተማው ይወዳቸው ነበር ማለት ትክክል አይሆንም። ያምናቸው ነበር። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ፣ ታምኖ ያልተወደደ ሰው ያውቀዋል።

ከተማዋ አንድ የቆየ ልማድ ነበራት። በአረፋ ቀን ከሸሁ ቤት የኡድሂያ፣ የበዓሉ መሥዋዕት፣ ሥጋ ሳይወጣ ማንም ቤት ድርሻ አያወጣም። ሸሁ ሥጋውን ሦስት መደብ አድርገው፣ አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱን ለሚስኪን ለይተው በራቸው ላይ ሲቆሙ ነው ሌላው መስጠት የሚጀምረው። በዓሉ ሊገባ ሲልም በየዓመቱ ከመስጊድ ያስጠነቅቃሉ፦ «ከዒድ ሶላት በፊት ያረደ ሰው ሥጋ በላ እንጂ ኡድሂያ አላወጣም።» ይህንን ቃል ሕፃናት እንኳ ሸምድደውታል።

የበዓሉ ሌላው ግማሽ የሚስታቸው የእቴ ሉባባ ነበር። ስለዚያኛው ግማሽ ኪታብ የጻፈ የለም። እቴ ሉባባ ወሩ ከገባ ጀምሮ ቅቤዋን በኮረሪማና በኮሰረት ታነጥራለች። በዓሉ ዕለት ጉበቱን፣ ጨጓራውንና ኩላሊቱን በእንጨት መክተፊያ ላይ እንደ ጤፍ እስኪደቅ ትከትፈዋለች። የጎረቤት ሴቶች ቢላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አንዷ አማቷን ታማለች፣ አንዷ ለመቅመስ ብቻ ትመጣለች። ከግቢው የሚወጣው ሳቅ መስጊዱ ድረስ ይሰማል ብለው የሚያጉረመርሙ ወንዶች ነበሩ። እነርሱም ቢሆኑ ዱለቱን ሳይቀምሱ አያድሩም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን የእቴ ሉባባ አእምሮ ከቤቷ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ቀናቱን ረሳች፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቿን ስም። በመጨረሻ የልጇን የነስሩን ሞት ረሳች። ነስሩ ለሥራ ባሕር ተሻግሮ እዚያው ሞቶ ከተቀበረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ታናሽ እህቱ ጦይባ እናቷን ስታይ ታዝናለች፤ አንዳንዴ ደግሞ፣ ለማንም ባትናገረውም፣ ትቀናባት ነበር።

ጦይባ ወደ ሩቅ ከተማ ነው የተዳረችው። በዚያ ዓመት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ለአረፋ መጣች። ከዚህ በኋላ እናቷ እሷን የምታውቅበት በዓል ላይኖር እንደሚችል ሰው ሳይነግራት ገብቷታል።

የበዓሉ ጠዋት ሸሁ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ዒዱ ሜዳ ሲወጡ፣ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ጦይባ፣ ከእናትሽ እንዳትርቂ።»

«እሺ አባባ።»

አልራቀችም፤ ከአንድ አጥር በላይ አልሄደችም። ትልቁን ድስት ልትዋስ ጎረቤቷ እቴ ሙሂባ ዘንድ ገባች። እቴ ሙሂባ እግሯን ስለሚያማት ሶላት አልወጣችም፤ ጨዋታም ጠምቷት ነበር።

«ድስቴ ባዶውን እንደማይመለስ ታውቂያለሽ» አለቻት። «እናትሽ አንድ ዓመት ባዶውን ብትመልሰው ሦስት ወር ኩርፊያ ገብቶ ወጥ አላበስልም አለኝ።»

«ዘንድሮ እስከ አፉ እንሞላዋለን።»

«እስቲ ተቀመጪ። ባልሽ ለምን ቀረ?»

ጦይባ ተቀመጠች። የባሏን ነገር አወራች፣ የአማቷንም ጨመረችበት። ስትመለስ እናቷ ጓሮ ነበረች፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ቢላዋውን በሣር እየጠረገች። ዓመቱን ሙሉ በእጇ እያበላች ያሰባችው በግ፣ እግሩ በወግ ታስሮ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ ዞሮ ታርዷል። ከሰዓቱ በቀር የጎደለ ነገር አልነበረም። ከሜዳው «አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ገና ይሰማል። ኢማሙ ወደ ሶላቱ አልገቡም።

«እማ፣ ምን አደረግሽ?»

«ቢስሚላህ ብያለሁ» አለች እናቷ፣ እንደተወቀሰች ሁሉ። «ነስሩ ርቦት ነው የሚመጣው። ከሩቅ መንገድ የሚመጣ ሰው ውሃ እስኪፈላ ይጠብቅ? ነይ እግሩን ያዥልኝ።»

ጦይባ ድስቱን አስቀምጣ የበጉን እግር ያዘች። ሌላ ማድረግ የምትችለው ነገር ጠፋባት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጦይባ እስክትሞት ድረስ አልረሳችውም። የቀኑ ስም የጠፋባት ሴት ቆዳውን ከሥጋው ሳትበሳ ገፈፈችው። ሞራውን ለየች፣ ጨጓራውን አጠበች፣ ጉበቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አይታ «ጤነኛ ነው» አለች። ከዚያ መክተፊያው ፊት ተቀመጠች። ቢላዋው ሲወርድ ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር። ኮረሪማውን ሳትለካ በሁለት ጣቷ አነሣች።

«ይኼን ሽንኩርት እንደ ማገዶ ነው እንዴ የምትፈልጪው?» አለች ድንገት። «እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ? ባልሽ እንዴት ዝም አለሽ?»

«ባሌ የሚጎርሰውን አያይም፣ እማ።»

«ለዚህ ነዋ የወፈረው።»

ሁለቱም ሳቁ። እናቷ ከሳቀች ስንት ወሯ ነበር። ጦይባ በዚያች ሰዓት ማንም ከሜዳው ባይመለስ ደስ ባላት።

ተመለሱ። ልጆቹ ወደ ድስቱ ሮጡ። ሸሁ ግን ጓሮውን፣ መሬት ላይ የደረቀውን ደም፣ ከዚያም የልጃቸውን ፊት አዩ። ጦይባን በእጃቸው ጠርተው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዷት።

«መቼ ታረደ?»

«ድስት ልዋስ ወጥቼ ቆየሁ፣ አባባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«መቼ ታረደ ነው ያልኩሽ።»

«ሶላቱ ሳይጀመር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ከሁለታችን በቀር?» አሉ ሸሁ ወደ ሰማይ ቀና ብለው።

ጦይባ አፈረች፤ ግን አልተወችም። «አእምሮው የሌለ ሰው አይጠየቅም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«እሷማ አትጠየቅም። የምጠየቀው እኔ ነኝ። እዚያ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ኡድሂያ ብለው ሊቀበሉኝ ነው።»

«ከነገሯቸው እናቴ የከተማው ተረት ትሆናለች። ቀሪ ዘመኗን ‹የሉባባ እርድ› እየተባለ ይሳቅባታል። ዛሬ ገና ሰው ብትሆን…»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አሉ ሸሁና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

ሌላ በግ ቢኖራቸው፣ በዓሉ ሳያልፍ አርደው ይተኩት ነበር። አልነበራቸውም። ከበሩ ውጪ የሚጠብቀው ሰው ድምፅ እየበዛ መጣ። ሸሁ ጦይባ ያልጠበቀችውን ስም ጠሩ።

«ይመርን ታውቂዋለሽ? ገመድ ገምዶ የሚሸጠውን።»

«መልኩን አውቀዋለሁ።»

«የዛሬ አራት ዓመት በአረፋ ቀን፣ ሰዉ ከሶላት ሲወጣ የጠቦት ወርች ይዞልኝ መጣ። ገና ከዒዱ ሜዳ ሳንርቅ ሥጋ ይዞ ሳየው ‹መቼ አረድክ?› አልኩት። ‹ጎሕ ሲቀድ› አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ያንተ ሥጋ ብቻ ነው› አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ወርቹን ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ በሞት አፋፍ ላይ ሆና ጉበት ቀምሼ ልሙት ብላው ነበር። ይህንን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው።»

«ይቅርታ አልጠየቁትም?»

«ሕጉ ትክክል ነው አልኩ።» ሸሁ መሬት መሬት አዩ። «ትክክል ነበር። በእሱ ተደግፌ አራት ዓመት ኖርኩ።»

ከዚያ ተነሡ። በሩን ከፍተው ሰላምታ ሰጡና፣ በመስጊድ በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ ተናገሩ።

«ዘንድሮ ከዚህ ቤት ኡድሂያ አልወጣም። በጉ ከሶላት በፊት ታርዷል። ቤቴን በወጉ ሳላደራጅ የወጣሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥጋው ሐላል ነው፤ ሶደቃ፣ ምጽዋት ብዬ እሰጣችኋለሁ። ኡድሂያ ብሎ የሚቀበለኝ እንዳይኖር።»

ከኋላ አንዱ «ሸሁ ራሳቸው!» ብሎ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አኩፋዳቸውን ዘረጉ።

«ይበላል አላሉም፣ ሸሁ?»

«ይበላል።»

«እንግዲያው ስጡኝ። የእኔ ሆድ ስም አይጠይቅም።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ሸሁም ፈገግ አሉ። ጦይባ ሥጋውን ስታድል ማን እንዳረደው የጠየቃት አልነበረም። የገመተ ግን ነበር፤ የሴቶቹ ዓይን ያስታውቃል። ሥጋው እንዳለቀ ሸሁ ምርኩዛቸውን አንሥተው ቁልቁል ወረዱ። ጦይባ እናቷን ለእቴ ሙሂባ አደራ ብላ ተከተለቻቸው።

ይመር ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ቃጫ ይገምዳል። ያደፈ ልብሱን አልቀየረም። ሲያያቸው አልተነሣም።

«በዒድ ቀን ሥራ፣ ይመር?»

«የኔ ዒድ ሥጋ ብቻ ነው፣ ሸሁ። ሥጋውም ዘንድሮ የለም።»

«የኔም ዘንድሮ ሥጋ ብቻ ሆኗል» አሉ ሸሁ።

ይመር እጁን ከገመዱ ላይ አነሣ።

«ሉባባ ቸኩላ አረደችው። የሞተው ልጇ ርቦት የሚመጣ መስሏት። ያን ቀን መቼ አረድክ አልኩህ እንጂ ለምን ቸኮልክ አላልኩህም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ይመር ጦይባን አየ፣ ሸሁን አየ፣ ወደ ገመዱ ተመለሰ።

«አራት ዓመት ቆይተዋል» አለ።

«አዎ።»

«አውፍ ማለቱን አሁን አልችለውም።» ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ጎን አስቀመጠ። «ግን ርቦኛል።»

ሦስቱም ዳገቱን ወጡ። ሰው በየበሩ ቆሞ አያቸው። ቤት ሲደርሱ እቴ ሉባባ ሰፌዱ ላይ የወጣውን ዱለት ከልጅ ልጆቿ እጅ እየተከላከለች ነበር። ይመር በበሩ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ቀና አለች፤ ዓይኗም ሞላ።

«ምነው ቆየህ፣ ነስሩ?»

ጦይባ ወደ አባቷ ዞረች፤ በአርባ ዓመት አንድ የተሳሳተ ቃል ሳያርሙ አልፈው የማያውቁት ሰው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣቸውም። መልሱ ከይመር መጣ።

«መንገዱ ረዘመብኝ፣ እማ።»

«ከስተሃል» አለች። እጇን ታጥባ፣ ከዱለቱ በጣቶቿ ጠቅልላ አጎረሰችው። ይመር ጎረሰ። ደገመችለት፤ እሱንም ጎረሰ። ሲያላምጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበርና ማንም አላየውም።

እቴ ሉባባ በረጀብ ወር ሞተች። በተከታዩ አረፋ ጦይባ ልጆቿን ይዛ መጣች፤ በጉም ከሶላት በኋላ በሰዓቱ ታረደ። ዱለቱን ጦይባ ከተፈችው። ቅቤውም ኮረሪማውም ያው ነበር። ይመር በልቶ «ደህና ነው» አለ። እንዳልሆነ ያወቀችው ከዚያ ነው። ሰዉ በልቶ ሲነሣም ድስቱ ገና ግማሽ ነበር።

በዚያው ቀን የመስጊዱ ሙአዚን እያለከለከ ገባ። በታችኛው ሰፈር አንድ ሰው ከሶላት በፊት ማረዱን ሰምቶ ነው፤ ሄዶ ሊነግረው ቸኩሏል።

«ምን ልበለው፣ ሸሁ? ሕጉ ያው ነው አይደል?»

«ሕጉ ያው ነው» አሉ ሸህ ሙህዬ። «አንተ ግን መቼ አረድክ ከማለትህ በፊት ለምን ቸኮልክ በለው።»

ይህንን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሸሁ በራቸው ላይ የተናገሩትን እውነት ያወድሳሉ። ያ ለእሳቸው እምብዛም አልከበዳቸውም፤ እውነት መናገር የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነበር። የከበዳቸው ወደ ይመር ደጃፍ ያወረዳቸው ቁልቁለት ነው። ትክክል የነበረ ሰው ለበደለው ሰው አውፍ በለኝ ሲል፣ ተሳስቶ ከነበረው ይልቅ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ የሚደገፍበትን መጣል አለበትና። ስለዚህም ነው ብዙ ትክክለኛ ሰዎች በርቀት ቆመው የሚያረጁት፣ ሌላውም ቂሙን ታቅፎ በየበዓሉ ብቻውን የሚቀመጠው። ሰዓት የሚያውቅ ሰው አላጣንም። ሰው ቸኩሎ ሲያጠፋ የምናየው ጥፋቱን ነው፤ ከጥፋቱ ኋላ ጉበት ቀምሳ መሞት የፈለገች ሴት ወይም የማይመጣ ልጇን የምትጠብቅ እናት ልትኖር እንደምትችል ለማሰብ እንሰንፋለን።

ይመር አውፍ ብሎ እንደሆነ የሰማ የለም። በየአረፋው ግን እየመጣ ይበላ ነበር። ያ በግ ኡድሂያ አልነበረም፤ ሸሁም ነው ብለው አያውቁም። ምን እንደነበረ የሚያውቀው አላህ ነው።