የዶክተር ላቀው ቤተ ሙከራ ቁልፍ

ተረቴን ስሙኝ፤ ካልሰማችሁኝ ለግድግዳው እነግረዋለሁ።

ምንትዋብ የምትባል ሴት ነበረች። የኮረሪማን በሽታ ስታጠና ኖራ ዶክተር ሆነች። የተማረ ይግደለኝ ይባላል፤ የተማረችውን ምን እንደሚገድላት ግን የነገረን የለም። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት መቀጠል። በሽታውን የሚቋቋሙት ችግኞቿ ያሉት የግቢው ችግኝ ቤት ውስጥ ነው። ተመርቃ ወጥታለችና ዘበኛው አያስገባትም፤ ሌላ የሚያጠጣቸው ሰው ደግሞ የለም።

ፕሮፌሰር ይልማን በተመራማሪነት እንዲቀበሏት ለመነቻቸው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ካልቀጠሩሽ አልቀበልሽም አሏት። ፕሮፌሰሩ አይቀበሉ፣ ምንትዋብ ሥራ አታገኝ፣ ችግኙ ውሃ አይጠጣ።

ኃላፊው ዘንድ ሄደች። ባዶ ቤተ ሙከራ ሳይኖር አልቀጥርም አሉ። ያለው የዶክተር ላቀው ብቻ ነው፤ እሳቸው ክረምት ላይ ከሞቱ ወዲህ እንደተቆለፈ ቀርቷል። ቤተ ሙከራው አይከፈት፣ ኃላፊው አይቀጥሩ፣ ፕሮፌሰሩ አይቀበሉ፣ ምንትዋብ ሥራ አታገኝ፣ ችግኙ ውሃ አይጠጣ።

ንብረት ክፍል ወረደች። ሹሙ የሟች በር አልሰብርም አለ። ቁልፉ ያለው ከሚስታቸው ከወይዘሮ አስካለ እጅ ነው፤ ሰው ቢላክባቸውም እምቢ ብለዋል። ወይዘሮዋ ቁልፍ አይሰጡ፣ ሹሙ በር አይሰብር፣ ቤተ ሙከራው አይከፈት፣ ኃላፊው አይቀጥሩ፣ ፕሮፌሰሩ አይቀበሉ፣ ምንትዋብ ሥራ አታገኝ፣ ችግኙ ውሃ አይጠጣ።

ቁልፉን ልትለምን ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ጥቁራቸውን አላወለቁም። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ከዩኒቨርሲቲው ለቅሶ የደረሰ አንድም ሰው እንዳልነበረ ነገሯት።

“ለቁልፉ ሰው ላኩ፤ ለሞቱ ግን ሰው አጡ” አሉ።

ምንትዋብ አፈረች። የቁልፉን ነገር ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

“እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ” ብላ አለቀሰች፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሷ፣ እሷም አላወቀችውም።

ተመልሳ ሦስቱን ሰዎች ለምን ለቅሶ እንዳልደረሱ ጠየቀቻቸው። ለካ ሹሙ ኃላፊው ደርሰዋል ብሎ፣ ኃላፊው ፕሮፌሰሩ ደርሰዋል ብለው፣ ፕሮፌሰሩም ሹሙ ደርሷል ብለው ቀርተው ኖሯል። በማግስቱ አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏት። ፕሮፌሰር ይልማ ገና ከደጃፉ ለቅሶ ጀመሩ፤ ከሟች ጋር አብረው ነበር የተማሩት።

እነሱ አለቀሱ፣ ወይዘሮዋ ቁልፍ ሰጡ፣ ሹሙ ንብረት ተረከበ፣ ቤተ ሙከራው ተከፈተ፣ ኃላፊው ቀጠሩ፣ ፕሮፌሰሩ ተቀበሉ፣ ምንትዋብ ሥራ አገኘች፣ ዘበኛው አሳለፋት፣ ችግኙም ውሃ ጠጣ።

ግን ደርቆ ነበር። እያወቀች ነው ያጠጣችው። ከዚያ በዶክተር ላቀው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንደገና ከዘሩ ጀመረች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ ለቅሶዬን ብቻ ድረሱልኝ።