ጠብ የሌለበት ሽምግልና

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ልሳኑ፣ ስልኩን ወደ ጆሯቸው ጠጋ አድርገው። ከወዲያ በኩል የምታዳምጣቸው የቀድሞ ተማሪያቸው የውብዳር ናት። ነርስ ናት፤ በበጎ ፈቃድ ልታገለግል ሰው አገር ከገባች ገና ሳምንቷ ነው። የደወለችው ልትጠይቃቸው ነበር፦ «መምህር፣ ልረዳቸው መጥቼ እናቶቹ ልጆቻቸውን ለምን አያመጡልኝም? ሰላም ይሉኝና ያልፋሉ። ብመለስ ይሻለኝ ይሆን?»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ» ቀጠሉ መምህሩ። «ሰውየው አናጢ ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ ልቡም ደግ። ከወንዝ ማዶ ባለ አገር ጎርፍ ቤቶችን ጠራርጎ መውሰዱን ሰማ። ክረምት ሊገባ ነው፣ ሰዉ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው። ‹ያለ ዋጋ እሠራላቸዋለሁ› አለና መጋዝና መዶሻውን ይዞ ተሻገረ። የተቸገረ ሰው ምግብ መሻማት ነውር መስሎት በሶም ሰንቆ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ሞኝነት ግን አያጣውም።

«የመጀመሪያውን ቤት ለአንዲት ባልቴት ጀመረላት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እንጨት ተሸከመ፣ ጉድጓድ ማሰ፣ ቋሚ አቆመ። ምሳ ሲደርስ ባልቴቷ ገንፎ አቀረበችና ‹ና ቅረብ› አለችው። ‹እኔ ስንቅ አለኝ፤ እናንተ ብሉ› ብሎ ዛፍ ሥር ለብቻው በሶውን ጨብጦ በላ። ‹አፈር ስሆን!› ብትለውም አልሰማትም። በማግስቱም እንደዚያው። በልቡ ‹እንዴት ያለሁ ደግ ነኝ› ሳይል አይቀርም፤ እኔም ብሆን እል ነበር።

«ከዚያ ሰዉ መቅረት ጀመረ። አንዱ ወገቤን አመመኝ አለ፣ ሌላው ላም ጠፋችብኝ አለ። በመጨረሻ አናጢው ከቋሚዎቹ መሀል ብቻውን ቀረ። የጣሪያው ትልቅ አግዳሚ እንጨት መሬት ላይ ተጋድሟል፤ አንድ ሰው አያነሳው ነገር። ሰማዩ ጠቁሯል። ‹እነዚህ ሰዎች አይፈልጉኝም› አለና ከፋው፤ ዕቃውንም ይሰበስብ ጀመር።

«ይህን ጊዜ ሽማግሌዎች ባልቴቷን አስከትለው መጡ። ‹ልጄ፣ ከመካከላችን የበደለህ ማን ነው? ደም ካለብን ካሳ እንከፍላለን። የሰደበህም ካለ ድንጋይ ተሸክሞ እግርህ ላይ ይወድቃል› አሉት።

«አናጢው ግራ ገባው። ‹ኧረ ማንም አልበደለኝም!›

«‹ታዲያ ማዕዳችንን ለምን እምቢ አልህ?›

«በዚያ አገር አብሮ የማይበላ ደመኛ ብቻ ነው። ቂም ይዞ የመጣ መስሏቸው ፈርተውት ኖሯል።

«‹ችግራችሁን አይቼ ነው› አለ በቀስታ።

«ባልቴቷ ይሄኔ ተቆጣች። ‹ጎርፉ ቤቴን ወሰደው እንጂ እጄን አልወሰደውም! ለደከመልኝ ሰው ማጉረስ ያቅተኛል?›

«ሰውየው አፈረ። ዕቃውን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለና ‹እናቴ፣ ርቦኛል። የምበላው ስጪኝ› አላት።

«ስትሮጥ ብታዪያት! ገንፎው ቀዝቅዟል፣ ጨውም አንሶታል። እሱ ግን ‹ጨምሪልኝ› እያለ እስኪጠግብ በላ። ቀርተው የነበሩት ጎረምሶች መብላቱን አይተው ተመለሱ፤ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቁትም፤ እየተሳሳቁ አግዳሚውን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ዝናቡ ሲወርድ ባልቴቷ ጣሪያዋ ሥር እሳት ትሞቅ ነበር።»

መምህር ልሳኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አናጢው አንቺ ነሽ፣ የውብዳር። ባለፈው ስትደውዪ ጎረቤትሽ ማታ ማታ ለእራት እንደምትጠራሽ፣ አንቺም ‹በልቻለሁ› እያልሽ እንደምትመልሻት ነግረሽኛል። እንዳትቸገር ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። እሷ ግን የምታየው ቤቷን የተጸየፈች እንግዳ ነው፤ ለሌሎቹ እናቶችም ሳትነግር አትቀርም። ምግቧን ያልቀመስሽላት እናት እንዴት አምና ልጇን ትስጥሽ? መቀበልም አንዱ ሥራሽ ነው። መመለሱን እርሺው።»

«ዛሬም ጠርታኛለች፣ መምህር» አለች የውብዳር።

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ታወሪያለሽ?» ሳቁ መምህሩ። «ስልኩን ዝጊና ሂጂ። ጥርግ አድርገሽ ብዪ!»