ዝንጀሮን ዝንጀሮ ብቻ የሚዳኝበት ውል

ጽሕፈቴ አያምርም፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ተረቱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

እንስሳት ዳኛ በነበራቸው ዘመን የአህዮችንና የዝንጀሮዎችን አገር አንድ ወንዝ ይለያቸው ነበር። ዝንጀሮዎች ጨው ሊሸጡ ይሻገራሉ። አንድ ጨው ወዳድ የአህዮች አለቃ ድሮ፣ «በአገሬ ያጠፋ ዝንጀሮ በዝንጀሮ ዳኛ ብቻ ይዳኝ» ብሎ ፈርሞላቸው ነበር።

በአህዮች አገር አንድ ልማድ አለ። የተበደለ «በሕግ አምላክ» ካለ በዳዩ ይቆማል፤ መጀመሪያ ያለፈ መንገደኛም ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል።

አንድ ቀን አንድ ዝንጀሮ የባልቴቷን አህያ የእማማ ዳለቻን ማሽላ ጨረሰው።

«በሕግ አምላክ ቁም» አለችው።

«እሱ ለአህያ ነው» ብሎ ወንዙን ተሻገረ። የዝንጀሮዎቹ ዳኛም፣ «ርቦት ነው፤ ይሂድ» አለ።

«ውርንጭላዬ ክረምቱን ምን ይበላል?» ብላ አለቀሰች።

አዲሱ የአህዮች አለቃ አባ ቡላ ወንዙ ዳር ሄዶ፣ «ውሉ ይፍረስ» አለ።

የዝንጀሮዎቹ ሽማግሌ አያ ገመሬ፣ «ሕጋችሁ አልተጻፈም። መጀመሪያ ጻፉት» አለው።

ጻፉት። አባ ቡላ ተመልሶ ሄደ።

«ዳኞቻችሁ አልተማሩም። አስተምሯቸው» አለው አያ ገመሬ።

አስተማሯቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሄደ።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ፣ አያ ገመሬ?»

«ጆሯችሁ ረጅም ነው፤ የሚሰማው ግን የአህያን ብቻ ነው። ለወገናችሁ ታዳላላችሁ።»

ይህን ሲባባሉ አብሮ የመጣው የአባ ቡላ ልጅ ሲፈነጭ የአንዱን ነጋዴ ዝንጀሮ ጨው ወንዝ ውስጥ ከተተው። ነጋዴው ደንግጦ፣ «በሕግ አምላክ ቁም» አለ። በአህዮች አገር ብዙ ስለኖረ ልማዱ አፉ ላይ ነበር። ወጣቱ አህያ ቆመ። መጀመሪያ ያለፈችው መንገደኛ እማማ ዳለቻ ነበረች።

ሁሉም ፊቷን አዩ። አባ ቡላ አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ የማሽላሽን ቂም በእኔ እንዳትወጪ» አላት ነጋዴው።

እሷም፣ «ጥፋቱ የአህያው ነው። የሟሟውን ያህል ጨው በጀርባው ጭኖ ያምጣ» ብላ ፈረደች። ከዚያ ወደ አያ ገመሬ ዞረች። «ሕጋችንን ጠራችሁት፤ ልጃችን ቆመላችሁ። እኔ ስጠራውስ?»

አያ ገመሬ አፈጠጠባት። ነጋዴው ራሱ፣ «ፈርምላት እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?» አለው።

ውሉ መፍረሱን ፈረመ። ማሽላውን የበላውም ተሻግሮ በአህዮች ዳኛ ፊት ቆመ፤ የበላውን ተካ። ውርንጭላዋም ክረምቱን ሳይራብ ወጣ።

ሕግ ሕግ የሚሆነው ስንጠራው ሲቆሙልን ብቻ ሳይሆን፣ ሲጠሩንም ስንቆም ነው።

እኔ ግን አልቆምኩም። የአባባን ሬዲዮ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዝምተኛ ስለሆንኩ ማንም አልጠረጠረኝም። የተገረፈችው ከገጠር መጥታ የምታገለግለን ይታክቱ ናት። ስትገረፍ በሩ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።