ተቀባዩ

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆይ ስንዱ፣ «የኔታ፣ እናቴ ስሜን እንኳ ረስታለች፤ ታዲያ ባንጎራጉርላት ምን ይጠቅማታል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሳልጨርስ እንዳታቋርጪኝ።

የገበሬው አባት አርጅተው የልጃቸው ስም ጠፍቷቸው ነበር። ቀን ደህና ይውላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ብድግ ይሉና «በሬዎቼ አውድማ ላይ ቀሩ!» እያሉ ወደ በሩ ይሮጣሉ። የያዛቸውን ሁሉ በከዘራ ይደበድባሉ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጊዜማ ገደል አፋፍ ላይ ተገኙ።

እኚህ ሰው በደህናው ዘመን እህል ሲወቃ፣ በሬዎቹን አውድማው ላይ እያዞሩ የሚያዜሙ የታወቁ አውራጅ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ተቀባያቸው ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ይጀምራሉ። ልጅየው ግን «አባዬ፣ ዝም ይበሉ እንጂ! ሰው ምን ይለናል?» ይላል። እናቱ ከሞቱ ገና ሦስት ወራቸው ነዋ! ዓመቱ ሳይሞላ ሐዘን ቤት ይዘፈናል እንዴ? ዝም ሲያሰኛቸው ደግሞ ይብስባቸዋል። ጉድ እኮ ነው፤ መድኃኒቱን በገዛ እጁ እያፈነ አገር ላገር መድኃኒት ፍለጋ ይዞር ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መረረውና አባቱን ሊያስር ጠፍር አነሣ። በሬ የሚጠመድበት ጠፍር ነው። ሽማግሌው ጠፍሩን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ዙር በሬዬ ዙር፣ ገለባው ላንተ ነው!»

አሉና ዝም። የልጃቸውን አፍ አፍ ያያሉ። ተቀባይ መጠበቃቸው ነው።

ልጅየው ወደ በሩ አየ፤ ጎረቤት ይሰማል። እጁ ላይ ያለውን ጠፍር አየ። ከዚያ ጠፍሩን ወረወረና እንባው እየወረደ «ፍሬው ለእንግዳ!» ብሎ ተቀበለ።

የቤቱን ምሰሶ እየዞሩ ዘፈኑ፤ እየቆየ ዝግ አሉ። ሽማግሌው መደቡ ላይ አረፍ እንዳሉ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

በማግስቱ አንድ ጎረቤት መጥቶ «በሐዘን ቤት ዘፈን? ነውር አይደለም?» ቢለው፣ «እናቴን አልቅሼላታለሁ። አባቴ ግን ገና አልሞተም» አለው።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዜማውን ይጀምርላቸው ነበር። አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው ይነሣባቸዋል፣ ውሸት አልነግርሽም። አብዛኛውን ቀን ግን ከዘራው ከጥግ አይነሣም። የልጃቸው ስም ግን አልተመለሰላቸውም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው «ተቀባዬ፣ መጣህ?» ነበር የሚሉት።

ስም ጠፍቶ ዜማ ለምን እንደሚቀር እኔም አላውቅም። ይኸው ይህን ያህል ዓመት ስገረም እኖራለሁ። ይህን ግን አውቃለሁ ስንዱ፦ እናትሽ እንደዚያ ሽማግሌ ናት፣ አንቺም ጠፍሩን እንደያዘው ልጅ ነሽ። እሷ ዜማዋን ጀምራ አፍ አፍሽን ስታይ፣ አንቺ «እኔ ማን ነኝ?» እያልሽ ትፈትኛታለሽ። ተይ ልጄ፣ ስምሽ ይቅር። ሂጂና ተቀበያት።