የሽንኩርት ተካይዋ ክስ

ብምል ብገዘት አታምኑኝም እንጂ፣ የወረዳችን ገዥ ግራዝማች ዘለለው የቦዩን ውሃ ሳምንቱን ሙሉ ወደ ራሳቸው እርሻ የሚያዞር ደንብ አወጡ። ማሳዋ ውሃ የጠማው አንዲት ሽንኩርት ተካይ ደንቡን ልትከስ ከደጃቸው ቆመች።

«ሽንኩርትሽ ደርቋል?» አሏት።

«ገና ነው ጌታዬ፤ ጠውልጓል።»

«እንግዲያ አልተጎዳሽም። ያልተጎዳ ሰው አይከስም።»

«ሲደርቅ ልምጣ?»

«ከደረቀማ ውሃ ምን ያደርግልሻል? ለማይጠቅምሽ ነገር መክሰስ በደንቡ ክልክል ነው።»

ሴትዮዋ እጅ ነሣችና፣ «እንዲያ ከሆነ ጌታዬ፣ በጠወለገውና በደረቀው መካከል አንዲት የመክሰሻ ቀን ይቁረጡልኝ» አለች።

ግራዝማች ጢማቸውን እያሹ ሲያስቡ፣ ቆመን የምናይ ሰዎች ጢም አበቀልን። በመጨረሻ መቆም የሰለቸው የገዛ ዘበኛቸው አፉ አመለጠው፦

«እሳቸው የተሻሩ ለታ ነዋ፣ እቴ።»