ሙሽራይቱና ራሱን የሚያሻሽለው ኮምፒውተር

አንዲት አፏ የማይያዝ ፀጉር ሠሪና እጮኛዋ ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ ወረዳ ቢሮ ሄዱ። ምስክሮቻቸው ከደሴ የመጡ ናቸው፤ የዚያኑ ዕለት ይመለሳሉ።

ጸሐፊዋ ስማቸውን ጽፋ ልትጨርስ ስትል ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ድርግም አለና፣ "ራሱን እያሻሻለ ነው፤ አያጥፉት" የሚል ጽሑፍ አወጣ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ ንቅንቅ አልል አለ።

ሙሽራይቱ ስታጉረመርም የቢሮው ኃላፊ አቶ ምንውዬለት ከክፍላቸው ወጡ። እኚህ ሰው ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ንግግር የሚያደርጉ ይመስላቸዋል።

"ማሽኑ ለእናንተው ብሎ ራሱን ሲያሻሽል መታገሥ ያቅታችኋል? በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ!" አሉ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እንዲሰማ።

"ጌታዬ፣ ምስክሮቻችን እኮ ዛሬ መሄዳቸው ነው" አለች ሙሽራይቱ።

ኃላፊው ጣታቸውን ማጥፊያው ላይ አደረጉ። "እንግዲያው ላጥፋልሽ? የዚህ ሁሉ ሰው መረጃ ቢበላሽ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። በይ ተናገሪ፤ ላጥፋው ወይስ ትሄጃለሽ?"

ባለጉዳዩ ሁሉ ዓይኑን ተከለባት። "ያጥፉት" ብትል ከሕዝቡ ጋር ልትጣላ ነው፤ "ይተዉት" ብትል ጋብቻዋ ሊቀር።

"ኧረ እንዳያጠፉት!" አለች ደንግጣ። "እዚህ ቢሮ ውስጥ ራሱን ለማሻሻል የተነሳ አንድ እሱን አየሁ፤ በምን አንጀቴ አቋርጠዋለሁ? ይልቅስ ጌታዬ፣ መሻሻል የሚባል ነገር ያላሰበ ኮምፒውተር እርስዎ ክፍል አይጠፋምና፣ እዚያ ይመዝግቡን።"

ከጸሐፊዋ ጀምሮ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አቶ ምንውዬለት የክፍላቸውን በር ከፈቱላቸው።