ጥጋቡና የዓሣው ወር

እኛ ሐይቅ ዳር «ጊዜው ይድረስና» የሚል ሰው ሲገኝ አንዲት አባባል ትወረወርበታለች። ቤት ስለምትመታ ሰው ሁሉ ይወዳታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። መምጫዋ ጥጋቡ የሚባል ገበሬ ነው።

ጥጋቡ ሁለት በሬ ነበረው። ከመስከረም ገበያ ሲመለስ አንድ ሆነ፤ ሌላውን ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ሰጥቶ አዲስ የደንገል ታንኳና መረብ ለውጦ መጣ።

«አንድ በሬ ያርሳል?» አለች ሚስቱ እናኑ።

«እስከ እርሻ ድረስ ከዓሣው ሁለት እገዛለሁ።»

«እንግዲያው ወደ ሐይቁ ውረዳ።»

«ዓሣ እኮ ወር አለው፣ አንቺ ሴት።»

ታንኳውን ጓሮ አጋድሞ ገለባ አለበሰው። ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው እንደሚያቆሙ አይቷል፤ ግን እነሱ የሚያቆሙት ቦታ አጥተው መሰለው።

ከዚያ ወር መምረጥ ጀመረ። ጥቅምት ላይ ውሃው ደፍርሷል፣ ዓሣው መረቡን አያየውም አለ። ቢያየው ኖሮ ሊገባበት ነው ወይ፣ ብሎ የጠየቀው የለም። ኅዳር ነፋስ ሆነ። ጥር ሰርግ ነው። ሁዳዴ ሲገባ አገሩ ሁሉ ዓሣ ፈላጊ ሆነ፤ ጥጋቡ ግን «አሁንማ ሰው ሁሉ ሐይቁ ላይ ነው፣ ዓሣው ደንግጧል» ብሎ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሽሮውን በላ።

«ደንግጦም ሌሎቹ ተሸክመውት እየመጡ ነው» አለች እናኑ።

«እነሱ የሚይዙት ሞኝ ሞኙን ነው።»

በመጨረሻ ሐምሌን መረጠ። ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ሲሞላ ዓሣው ዕንቁላል ሊጥል ሽቅብ ይወጣል፤ ራሱ ደጄ ድረስ ይመጣል፣ ምን አደከመኝ አለ። ችግሩ ሐምሌን እርሻም ይፈልገዋል። እናኑ ለአንዱ በሬ መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረች። «ባልሽ ዓሣውን ይያዝና እንነጋገራለን» አሏት።

ሐምሌ መጣ፤ ወንዙ ሞላ፤ ዓሣው እውነትም ወጣ። ሴቶች በቅርጫት ያፍሱት ጀመር። ጥጋቡ የሰፈሩን ሽማግሌ አያ ውበቱን ታንኳ አሸክሙኝ ብሎ ጠራቸው። ገለባውን ገፈፉ፤ እሳቸው ከኋላ፣ እሱ ከፊት ያዙ። ሲያነሱ የታንኳው አፍንጫ ብቻ እጁ ላይ ቀረ። ሌላው ዱቄት ሆኖ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ይጠገናል» አለ ጥጋቡ፣ አፍንጫውን እንዳቀፈ።

«በምን?» አሉ አያ ውበቱ።

«ደንገል አሳጭዳለሁ። ግን ደንገል ጥሩ የሚሆነው ጥር ላይ ነው።»

እናኑ የቀረውን በሬ ፈታችና ወንድሟ ቤት ነዳችው፤ እሱ ዘንድ የሚቀናጀው አላጣም። እሷም ከበሬው ጋር ሄዳ በዚያው ቀረች። የጥጋቡ መሬት ጦሙን አደረ።

የዚያን ቀን ከወንዝ የሚመለሱት ሴቶች ቅርጫታቸውን እንደተሸከሙ ቆመው፣ እናኑ በሬ እየነዳች ወዴት ነው የምትሄደው ብለው አያ ውበቱን ጠየቋቸው። እሳቸውም የእጃቸውን ዱቄት እያራገፉ፣ «ምን ይሆናል፤ እሱ ወር ሲመርጥ፣ ታንኳውን በላው ምስጥ» አሉ።